የአቶ መርሻ ሁለት የበግ ልብ

በየትምህርት ቤቱ ደወል ከተደወለ በኋላ «ቆዩ፣ ያልገባው ሰው አለ» የሚል አንድ መምህር አይጠፋም። ተማሪ ይወደዋል፤ ዘበኛ ያማርረዋል፤ መዝገብ ያዥ ግን አምርሮ ይጠላዋል። እኔ መዝገብ ያዥ ነኝ።

ከፒያሳ ወደ አምስት ኪሎ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለው የሁለት ዓመት ኮሌጃችን ባዮሎጂ ያስተምሩ የነበሩት ክቡር አቶ መርሻ ናቸው። ክቡርነቱን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ ከመንግሥት የደረሳቸው ማዕረግ የለም። እሳቸውም «እሜቴ መዝገብ» እያሉ ብድሬን ይመልሱልኝ ነበር።

ለአርባ ተማሪ የነበረን ማይክሮስኮፕ አንድ ነው። ሁሉም ካላየ ትምህርቱ አያልቅም፤ ሰልፉ እስከ ቢሮዬ በር ይደርሳል። ንጋት ላይ አትክልት ተራ ሸክም ሲያወርድ ቆይቶ የሚመጣው ደምመላሽ አንድ ቀን ዓይኑን እንደደገነ እንቅልፍ ወሰደው። አቶ መርሻ አልቀሰቀሱትም። «ይረፍ፤ የደከመ ዓይን ሕዋስ አያይም» አሉ። ሰልፉ ቆሞ ጠበቀው።

አንድ ጊዜ የዕቃ መጠየቂያ ቅጽ አመጡልኝ፤ «ሁለት የበግ ልብ» ይላል።

«አቶ መርሻ፣ አንድ በግ ስንት ልብ አለው?»

«አንድ።»

«ታዲያ?»

«አምና መስቀል ከተሣለበት ሥጋ ቤት ብቻ አስገዛሁ። ከዲጃና ሦስት ልጆች እጃቸውን ከጠረጴዛ በታች ደብቀው ዋሉ።»

«ሊበሉት ነው እንዴ?»

«አይደለም። ግን እጃቸው አልወጣም፤ እጃቸው ካልወጣ እኔ አላስተማርኩም። ዘንድሮ ሁለተኛውን ጨረቃ ካለበት ያስገዙልኝ።»

ልቦቹ ሲገዙ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው፣ ማን የየትኛው እንደሆነ ሳይጠይቁ ተማሪዎቹን፣ «ደስ ያላችሁን አንሡ፤ ሁለቱም ባለ አራት ክፍል ናቸው» አሏቸው።

የወደቀውን ደግመው ስለሚፈትኑ ማርካቸው በቀኑ ደርሶ አያውቅም። በየሰኔው ምርጥ መምህር ሲሸለም የየመምህሩን ፋይል ለኮሚቴው የማነበው እኔ ነኝ። ሦስት ዓመት «ማርክ በወቅቱ አላስረከቡም» ብዬ አነበብኩ፤ ሦስት ዓመት ታለፉ። አንዱን ዓመት የተሸለሙት መምህር ከአርባ ተማሪ ሃያ ስድስቱን ጥለዋል፤ ግን በቀኑ።

በአራተኛው ዓመት እናቷን ስታስታምም የልብ ፈተና ያመለጣትን ከዲጃን ሲጠብቁ ማርኩ አሁንም ዘገየ። «በሦስት ቀን ውስጥ ይቅረብ» ብዬ ጻፍኩላቸው። ደብዳቤው ኅዳግ ላይ «አንዲት ልጅ ቀረችኝ» ብለው መለሱ። በግንቦት ሳንባቸውን ታመሙ፤ በአሥራ አንደኛው ቀን ሞቱ። ቀኑን መዝገብ ላይ ያሰፈርኩት እኔ ነኝ። ሦስት ጊዜ ተሳሳትኩ።

ከቀብሩ በኋላ ባለው ሳምንት ከዲጃ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዛ ቢሮዬ ገባች።

«ወይዘሮ አሰፋች፣ ፈተናዬን ልፈተን።»

«ፈታኙ የሉም፣ ልጄ።»

«እርስዎ አሉ።»

«እኔ ባዮሎጂ አላውቅም።»

«አስረዳዎታለሁ።» ጋዜጣውን ፈታች፤ ሁለት ልብ። «ይኼ መስቀል ካለበት ነው፤ ለእርስዎ ነው የገዛሁት። ይኼኛው የእኔ።»

የመልሱን ወረቀት ከሟች መሳቢያ አወጣሁ። ደሙ በየት ገብቶ በየት ወደ ሳንባ እንደሚሄድ፣ በየት እንደሚመለስ በጣቷ እያሳየች ነገረችኝ። ወረቀቱን አየሁ፤ ልቡን አየሁ፤ ተምታታብኝ። ሳልጠይቃት ከመጀመሪያው ጀመረች። በሦስተኛው ዙር ጣቴን አስገብቼ መንገዱን ራሴ አገኘሁት። ማርኳን ጻፍኩ፤ ከቀኑ ሃያ ሦስት ቀን ዘግይቶ።

በሰኔ ኮሚቴው ሲቀመጥ «ማርክ በወቅቱ አልቀረበም» ብዬ አነበብኩ። ሰብሳቢው ወደሚቀጥለው ሊያልፉ ሲሉ «ምክንያት አለው» አልኩ።

«ምን?»

«ያልገባው ሰው ነበር።»

«ማን?»

«እኔ።»

ተሸለሙ። የምስክር ወረቀቱን የሚረከብ ዘመድ ስላልተገኘ በእኔ መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው። በየዓመቱ የንብረት ቆጠራ ሲደረግ ከስማቸው ፊት «ባለቤቱ ዘግይተዋል» ብዬ እጽፋለሁ።