ለዳታቤዝ የተላከ ሽማግሌ

ትናንት በጠራራ ፀሐይ ሕልም አየሁ። ሕልም እልም ቢባልም፣ ይኼኛው እልም አላለልኝም።

መጀመሪያ የሚያናድደኝን ልንገራችሁ። የምሠራው በአንድ አገር አቋራጭ የአውቶቡስ ድርጅት ነው፤ ድረ ገጹን የምይዘው እኔ ነኝ። የመነሻ ሰዓቱ ሁሉ ያለው ግን በሥራ አስኪያጃችን በአቶ ደምሰው የኮምፒውተር ሰንጠረዥ፣ በኤክሴል ውስጥ ነው። ሁለት ሰው ከከፈተው አንዱ የጻፈውን ሌላው ያጠፋዋል። ለፋሲካ የደሴው መኪና ሰዓት ጠፍቶ፣ መንገደኛው ዶሮውን እንዳቀፈ መናኸሪያ ዋለ። ስድቡን የጠጣሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ለአዲሱ የድረ ገጽ ሶፍትዌር የተጻፈበትን ሳያጠፋ የሚይዝ ደህና ዳታቤዝ ይመረጥልኝ ብዬ ከሰውዬው ጋር ጦር እንደተማዘዝኩ ነው።

በሕልሜ መንገደኞች አውቶቡስ ተሸክመው ዳገት ይወጡ ነበር። አውቶቡሱ ከላይ ሆኖ «ጠጋ ጠጋ በሉ!» ይላቸዋል። እኔም ትከሻዬን ሰጠሁ። ዳገቱ ጫፍ ስንደርስ ከአንድ ትልቅ ግቢ በር ላይ አወረድነው።

ግቢው የዳታቤዞች ነበር። እኛ ልንመርጥ ብንሄድ መራጮቹ እነሱ ሆነው ቆዩን። ሽማግሌዎቹ ዳታቤዞች ጋቢ ለብሰው ተደርድረዋል። በቢሯቸው ማንንም ቁጭ በል ብለው የማያውቁት አቶ ደምሰው ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

«ተቀመጡ እንጂ» አላቸው ትልቁ ዳታቤዝ።

«አንቀመጥም፤ ጉዳይ አለን። ልጃችሁን ለድረ ገጻችን ብለን መጥተናል።»

«መልካም። እንግዲህ ዘራችሁ ይቆጠር። ሰዓቱን አሁን የያዘው ማነው?»

«ኤክሴል።»

«ከኤክሴል በፊትስ?»

«ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ካርቶን።»

«ከካርቶኑ በፊት?»

«ጥቁር ሰሌዳ።»

«ከሰሌዳው በፊት?»

«የጋሽ ባንተይርጋ ጭንቅላት» አሉ አቶ ደምሰው። ጋሽ ባንተይርጋ የድሮ የስምሪት ኃላፊያችን ናቸው።

«የት አሉ እሳቸው?»

«ጡረታ ወጡ።»

«ጭንቅላታቸውስ?»

«ይዘውት ሄዱ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «እናንተ ቤት የተጻፈ ነገር አያድርም። ልጃችንን አንሰጥም» አለ ትልቁ።

ልቤ ስብር አለ። ተንበርክኬ «አባቶቼ፣ ስጡን! መንገደኛው ምን በደለ?» ብዬ ለመንኩ። ልጅቷ ዳታቤዝ ከጓዳ ብቅ ብላ «እኔስ እሄድ ነበር፤ ሰውዬው ግን ኤክሴሉን አይተውም» አለችኝ። ዞር ስል እውነትም ኤክሴሉ ሙሉ ሱፍ ለብሶ፣ አበባ ደረቱ ላይ ሰክቶ ከአቶ ደምሰው ኋላ ቆሟል።

«እንግዲያው ኤክሴላችን ይበቃናል!» አሉ አቶ ደምሰው፣ ባርኔጣቸውን መልሰው ደፍተው።

የግቢው ደንብ ተነገረን። በኤክሴሉ የተስማማ እጁን ያጣጥፋል፣ እምቢ ያለ እጁን ያወጣል። መንገደኞቹ አጣጠፉ። ትከሻቸው ገና ከአውቶቡሱ እንደቆሰለ፣ እነሱም አጣጠፉ! ደሜ ፈላ።

«እምቢ! ሞቼ እገኛለሁ!» ብዬ እጄን አወጣሁ። አንዱ አልበቃ አለኝ፤ ሁለተኛውንም ጨመርኩ።

ነቃሁ። ከምሳ በኋላ በተጠራው የዳታቤዝ መረጣ ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ነው ለካ እንቅልፍ የጣለኝ። ሁለቱም እጆቼ ሽቅብ እንደተዘረጉ ናቸው። አቶ ደምሰው በፍቅር ዓይን ያዩኛል።

«ኤክሴሉ ይቀጥል የምትሉ እጅ አውጡ ስል፣ በሁለት እጁ የደገፈኝ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም!» አሉ። «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል ተብሎ ይጻፍ። የኤክሴሉም ኃላፊነት ለምንትዋብ ይሰጥ።»

ቃለ ጉባኤው እየዞረ ሲፈረምበት ቆይቶ ከነእስክሪብቶው ፊቴ ደረሰ።

«ፈርሚ እንጂ፣ ምንትዋብ» አሉኝ።

እጆቼን አላወረድኩም።