የጋሽ ሂርጳ «ይፈታ!»

አገር ምድሩን ብትዞሩ ፈቺ የሌለው ሰፈር አታገኙም። ፈቺ ስል ህልም ፈቺ ማለቴ አይደለም። ሌላው ሰው ለፍቶ ያሰረውን፣ የቋጠረውን፣ የሰፋውን ሁሉ ዞር ዞር ብሎ አይቶ «ይሄማ ይፈታ!» የሚለውን ሰው ማለቴ ነው። የሳሪሱ ፈቺ ሌላ ሰው ያቆመውን መኪና ቁልፍ ተቀብሎ እንደገና ያቆማል። የገላን ኮንዶሚኒየሟ ደግሞ ጎረቤት ያሰጣችውን ልብስ አውርዳ እንደገና ታሰጣለች። የእኛ የአቃቂው ግን ከሁሉም ይልቃል። የእኛው አውሮፕላን አለው።

ክቡር ጋሽ ሂርጳ፣ የቋጠሮ ሁሉ መርማሪ፣ የላላ ክር ዳኛ፣ የግንብ አጥር ጎረቤቴ ናቸው። ካኪ ኮታቸውን ሳይለብሱ፣ በወረቀት የተጠቀለለ ምላጭ ሳይዙ ከቤት አይወጡም።

የእድራችን ሰብሳቢ የአቶ ጣሰው አጎት ያረፉ ጊዜ ድንኳን ተተክሎ ሰው ተቀምጧል። ጋሽ ሂርጳ ገቡ፤ ወጉ እንደሚያዘው አለቀሱ፤ እንባቸውን ጠርገው ቀና ሲሉ ዓይናቸው ገመዱ ላይ አረፈ። «ይሄን ማን ነው ያሰረው? ይፈታ!» ማንም «ቆይ» ሳይል የድንኳኑ አንድ ጎን ለቀስተኛው ላይ ተኛ። አቶ ጣሰው ከሸራው ሥር እየዳኹ ወጥተው «እድሩ አልቃሽ እንጂ ፈቺ እንዲልክልን መቼ ጠየቅን?» አሉ። ከሰዓት በኋላ የተነሣው ነፋስ የማዶውን የሰርግ ድንኳን ይዞ ሲሄድ እሳቸው እንደገና ያሰሩት የእኛው ንቅንቅ አለማለቱን ለጊዜው እንተወው።

የእኔን የግቢ በርም ፈትተውታል። በሩን የገጠመልኝ በያጅ የሄደው ጠዋት ነው፣ እሳቸው የመጡት ከምሳ በፊት ነው። በሬ ግድግዳ ተደግፎ ሰነበተ፤ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ግቢዬን አወቀው።

ወደ አውሮፕላኑ ልምጣ። ጋሽ ሂርጳ የሥራ ዘመናቸውን የፈጁት የአንበጣ መድኃኒት የሚረጩ ትንንሽ አውሮፕላኖችን በመጠገን ነው። ከእነዚያ አንዱ አርጅቶ ሜዳ ላይ ሲጣል፣ ባለቤቶቹ «ከፈለግክ ውሰደው» አሏቸው። መቼም አፍ አያርፍ። በአይሱዙ አስጭነው አመጡትና ከቤታቸው ጀርባ፣ ድሮ የአባታቸው አውድማ በነበረው ቦታ ላይ የቆርቆሮ ዳስ ሠሩለት።

ጨርቅ የለበሰ አውሮፕላን አለ ስላችሁ እንዳትስቁ፤ እኔ ስቄ ተቆጥተውኛል። አጥንቱ እንጨት ነው። በላዩ ጨርቅ ይወጠራል፣ ጨርቁ ከእንጨቱ ጋር ይሰፋል፣ ከዚያ እንደ ከበሮ ቆዳ ድርቅ የሚያደርግ ቀለም ይቀባል። ስፌቱ ከረገበ ነፋስ ይገባና ጨርቁን ከክንፉ ይገሸልጠዋል። ሰማይ ላይ ደግሞ «ይፈታ» የሚል ሰው አያስፈልግም፤ ራሱ ይፈታል።

ክንፉን የሚሰፋው አንድ ሰው አይደለም። ክንፉ በጠርዙ ይቆማል፤ አንዱ ወዲህ፣ ሌላው ወዲያ ይቀመጣሉ። ክንድ የሚያህል መርፌ ከዚህ ይገባል፣ ከዚያ ወገን ያለው ይቀበላል፣ ቋጥሮ ይመልሳል። ሁለቱ ሰፊዎች አይተያዩም። የሚተዋወቁት በክሩ ውጥረት ብቻ ነው።

እንግዲህ ከፈቺ ጋር ማን ይስፋ? የማዕዘኑ ልብስ ሰፊ ሙህሲን «የስንቱን ሙሽራ ሱፍ የሰፋሁ ሰው ነኝ» ብሎ ገባና ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ጨርቅ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ ወጣ። እኔም አንድ ቅዳሜ ሞክሬያለሁ። ያንኑ ረድፍ ስሰፋና ስፈታ ውዬ ማታ ጣቴ ማንኪያ አልይዝ አለኝ።

የማይሸሹት እትዬ ዙፋን ብቻ ነበሩ፤ ባለቤታቸው። ለእሳቸውም ቢሆን ምሕረት አልነበረም።

«ዙፋን፣ ይፈታ!»

«ደግሞ ምን ጎደለው?»

«ረግቧል።»

«ዓይንህ ነው የረገበው!»

ይሉና ፈትተው እንደገና ይሰፉታል። የቤቱም ጉዳይ ሁሉ በዚያው በክንፉ በኩል ያልቃል፦ የሚያፈሰው ጣሪያ፣ ስልክ የማይደውለው ልጅ፣ ያልተጠየቀው አራስ ቤት። እኔ በአጥር እየሰማሁ እነዚህ ሰዎች ዛሬስ ሽማግሌ ሊፈልጉ ነው እል ነበር።

የድካሙ ሁሉ ምክንያት አንድ ቃል ነው። የእትዬ ዙፋን አባት ማሳ ቱሉ ዲምቱ ነበር፤ ዛሬ ኮንዶሚኒየም ሆኗል። እትዬ ዙፋን ሄደው በሕንፃዎቹ መሃል ቢዞሩ ተወልደው ያደጉበትን ቦታ ማወቅ አቃታቸው። አልቅሰው ተመለሱ። ጋሽ ሂርጳ ያን ቀን «ከላይ ወንዙ ይታያል። በወንዙ መታጠፊያ ለክቼ የአባትሽን ማሳ አሳይሻለሁ» አሏቸው። አብሯቸው የሠራ አብራሪም የበረራ መርማሪ ይፈርም እንጂ ሁለታችሁንም በየተራ አወጣችኋለሁ ብሎ ቃል ገባ። የቀረው የግራው ክንፍ ስፌት ነበር።

ባለፈው ክረምት እትዬ ዙፋንን ስትሮክ ቀኝ ጎናቸውን መታቸው።

ክንፉ ቆሞ ቀረ። ጋሽ ሂርጳም ዝም አሉ። ሰፈሩ ሰላም አገኘ ትላላችሁ፤ እኔ ግን ጨነቀኝ። አንድ ጠዋት ሆን ብዬ የግንቡን አናት ሽቦ አጣምሜ አሰርኩና በር ላይ ቆሜ ጠበቅኳቸው። መጡ፣ አዩት፣ «እንዴት አደርክ?» ብለው አለፉ። እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁ።

ጥቅምት ላይ እትዬ ዙፋን በከዘራ እየተራመዱ ዳሱ ገቡና የድሮ ቦታቸው ተቀመጡ። መርፌውን በግራ እጃቸው ያዙ። ቀኙ ያግዛል እንጂ አይጎትትም። የመጀመሪያው ረድፍ ሲያልቅ ጋሽ ሂርጳ እንደ ልማዳቸው ዞረው ሊያዩ ሄዱ። እኔም ነበርኩ። ክሩ መርገቡ ጣት ሳያስፈልግ በዓይን ይታያል።

«ጥሩ ነው፣ ዙፋን» አሉ።

የሚቀጥለውም ረድፍ ጥሩ ነው ተባለ። ከዚያ በኋላ ያለውም። ስንት ዘመን አላልቅ ያለ ክንፍ እንዲህ በቀላሉ አለቀ።

መርማሪዋ ኢንጂነር ማርቲ የምትባል ትሁት ወጣት ናት። የመጨረሻው ቀለም ሳይቀባ ለማየት መጣች። በአውራ ጣቷ ጨርቁን እየተጫነች ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደች።

«ጋሼ፣ የቀኙ እንከን የለውም። የግራው ግን ስፌቱ ረግቧል። ፈትተው ይስፉትና ወዲያው እፈርማለሁ።»

«አይፈታም» አሉ ጋሽ ሂርጳ።

«እንዴ? ጋሼ፣ በዚህ ሁኔታ አይበርም እኮ።»

«አውቃለሁ። ይቅር። አይብረር።»

የለቀስተኛ ድንኳን የፈታ ሰው ነው ይህን የሚለው። የአባትሽን ማሳ አሳይሻለሁ ያሉት ቃል፣ ያን ሁሉ ዘመን፣ በአንድ «ይቅር» ሊቀብሩት። የሚስታቸውን የደከመ እጅ በሰው ፊት ላለመክሰስ ነው። እንባዬ መጣ፤ ዞር ብዬ ቆርቆሮውን የማይ መሰልኩ።

ሦስታችንም የዘነጋነው ነገር ቢኖር፣ ክንፉ ከወዲያ የተቀመጠውን ሰው የሚጋርድ መሆኑ ነው።

«ሂርጳ» አሉ እትዬ ዙፋን ከማዶ። «የታመመው እጄ ነው እንጂ ልቤ አይደለም። መርገቡን ስሰፋውም አውቄዋለሁ። ከሆስፒታል ከወጣሁ ጀምሮ ሰው ሁሉ የነካሁትን ጥሩ ነው ይለኛል። ሾርባ ብደፋም ጥሩ ነው። እውነቱን የምትነግረኝ አንተ አንድህ ትቀራለህ ብዬ ነበር። ጥሩ ነው ስትለኝ አፈር የመለስክብኝ ነው የመሰለኝ።»

«ይፈታ!» አሉ እትዬ ዙፋን።

ጋሽ ሂርጳ ኪሳቸውን ዳበሱ። የግራውን፣ የቀኙን፣ የሱሪውን። «ምላጬን... የት አባቴ እንዳደረግኩት...»

ምላጩ ከደረት ኪሳቸው ከነወረቀቱ ብቅ ብሎ ይታያል። ጠቆምኳቸው። እንደ ጠላት አዩኝ። ከዚያ አወጡትና ዞረው ሄደው ከባለቤታቸው አጠገብ ተንበረከኩ። ክሩን ረድፍ በረድፍ ቆረጡ። ቆርጠው ሲጨርሱ ተመልሰው ቦታቸው ተቀመጡና መርፌውን ሰደዱ። ክሩ ተወጠረ፣ ረገበ፣ እንደገና ተወጠረ።

«በግራው ብቻ አትሳቢ! ቀኙንም አሠሪው እንጂ፣ ለምን ስንፍና ታስለምጅዋለሽ?» ጮኹ ጋሽ ሂርጳ።

«አንተ መጀመሪያ መርፌውን አቅንተህ ስደድ! ዓይኔን ልታወጣው ነው?»

«አቅንቼ ነው የሰደድኩት!»

«አቅንተህ? ና እስቲ ከዚህ ሆነህ እየው!»

ኢንጂነር ማርቲ ደንግጣ ወደ እኔ ጠጋ አለች። «ይጣላሉ እንዴ?»

«ኧረ በፍጹም» አልኳት። «እየሰፉ ነው።»