አባቶች በፊደል ተራ

ትናንት ሌሊት ያየሁትን ሕልም ሳልናገር ብውል ሆዴ ይፈነዳል። የታሪክ ትምህርቱን ድርሰት አስገብቼ ውጤቱን እየጠበቅኩ ነው የተኛሁት፤ እሱ ከወደቀ ምርቃት የለም። የኮሌጁ መመሪያ የጸሐፊ ስም ሁሉ በአባት ስም ይጀምር ስለሚል፣ በዋቢ መጻሕፍት ዝርዝሬ ያገኘሁትን ስም በሙሉ ገልብጬዋለሁ። ሽፋኑ ላይ የራሴን፣ የስንዱ ደርበውን እንኳ፣ «ደርበው ስ.» ብዬ ጻፍኩ። ስልኬ ስለተሰበረ ቁጥሩንም የአባዬን አደረግኩት።

በሕልሜ ክፍል ስገባ ወንበሮቹ ላይ ድርሰቶች ተቀምጠዋል፤ እኛ ተማሪዎቹ ጠረጴዛ ላይ ተጋድመናል። የኔው ድርሰት ቀይ እስክሪብቶ ይዞ ትከሻዬን በማስመሪያ ለካና፣ «ግራ ጠርዝሽ ጠባብ ነው፤ ወደ ውስጥ ግቢ!» አለኝ። ገባሁ። መምህራችን ዶክተር ሐረገወይን በር ላይ ቆመው እጃቸውን ያሻሻሉ።

«መብራት ጠፍቶብኝ ነው፤ እባክሽ እስከ ሰኞ ታገሺኝ።»

«ሁሌ መብራት!» አልኳቸው። ደስ ሲል!

ወዲያው በሩ ተበረገደ፤ ዋቢ ዝርዝሬ ውስጥ ያሉት አባቶች በፊደል ተራ እየተጋፉ ገቡ። ከፊት ያሉት ሽማግሌ ወለሉን በከዘራ መቱት።

«መጽሐፍ ጽፈሃል ተብዬ በሬ ፈትቼ መጣሁ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩ!»

«የጻፉት ልጅዎ ናቸው፣ አባቴ።»

«ታዲያ እኔን ምን ብለሽ ጠራሽኝ?»

ከኋላቸው ያሉት ሌላው ሽማግሌ ግን ፈገግ አሉ። «እኔስ ሞቼ ነበር። ስሜ ሲጠራ ጊዜ ተነሣሁ፤ እግዜር ይስጥሽ፣ ልጄ።» እንባዬ መጣ።

በመጨረሻ የኔው አባት፣ ጎማ ጠጋኙ ደርበው፣ የጎማ መንፊያውን እየጎተተ ገባ። ድርሰቴን በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገና፣ «ይሄማ ነፋስ አንሶታል!» ብሎ ነፋው። አንቀጾቹ አበጡ፤ መስመሮቹ ልክ መመሪያው እንደሚለው ተራራቁ። አባቶቹ አጨበጨቡ፤ ዶክተር ሐረገወይን እልልታውን አቀለጡት። ድርሰቴ ወንበር ላይ ወጥቶ፣ «ሙሉ ነጥብ ያገኘው...» ሲል አንድ እጅ ወዘወዘኝ።

«ስንዱ! ተነሺ እንጂ!» አባዬ ነው፤ ለሠርግ ብቻ የሚለብሳትን ሱፍ ለብሷል። «ከኮሌጁ ደውለው ነበር። ድርሰቱ ሙሉ ነጥብ አገኘ!»

ከአልጋዬ ዘለልኩ። «የኔ?»

«የደርበው ነው ያሉት። አንቺማ አላስገባሽም ብለዋል።» ክራባቱን ዘረጋልኝ። «ዛሬውኑ ቀርበው ያስረዱ ተብያለሁ። በይ እሰሪልኝና ቶሎ ንገሪኝ፤ ምን ብዬ ነው የጻፍኩት?»