ክብርት እህቴና የኦቾሎኒ ፍሬ

በየቤተሰቡ አንድ ፈታሽ አይጠፋም። የእኛዋ ክብርት ታላቅ እህቴ ናቸው። ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ ቦርሳ ሲፈትሹ ኖረው ጡረታ ወጡ፤ እጃቸው ግን ጡረታውን አልሰማም።

ትንሿ ልጄ በአራት ዓመቷ ኦቾሎኒ ቀምሳ፣ ፊቷ አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሯት ለጥቂት ከተረፈች ወዲህ ደግሞ ባሰባቸው። እንግዳ "ግባ" ከመባሉ በፊት "ኪስህን!" ይባላል። ሊጸልዩላት የመጡት የነፍስ አባታችን እንኳ አልተረፉም።

"አባቴ፣ እግዚአብሔርን አምነዋለሁ፤ ኪስዎን ግን አላምነውም።"

ልጄ ትምህርት ቤት ምሳዋን የምትበላው ለብቻዋ፣ ጥግ ላይ ነበር። ሰባት ዓመት ሲሆናት ሐኪሟ አዲስ ሕክምና አመጣች፤ ያንኑ ኦቾሎኒ፣ ዱቄቱን፣ ለዓይን ከማይሞላ መጠን ጀምሮ በየቀኑ ማቅመስ፣ ቀስ እያሉም መጨመር።

"መርዙን በማንኪያ?" አሉ ክብርት።

"እናቴ፣ የሰውነት መከላከያ እንደ በር ጠባቂ ነው። የእሷ ጠባቂ ምስኪኑን እንግዳ ሌባ ነው ብሎ በዱላ ሲያሳድድ ቤቱን ያፈርሳል። በጥቂት በጥቂቱ ደጋግመን ብናሳየው ይለምደዋል።"

"እኔ እንግዳ በዱላ መትቼ አላውቅም!"

"ስለ እርስዎ አይደለም።"

"ታዲያ ለምን እኔን ታዪኛለሽ?"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዋናዋ ተቃዋሚ ዋና አስፈጻሚ ሆኑ። የዱቄቱን ፓኬት ወደ መስኮቱ አንሥተው፣ የመጠኑን ቁጥር ሁለት ጊዜ ጮክ ብለው ያነባሉ። ልጅቷ ከቀመሰች በኋላ ትንፋሽ ቢያጥራት የምትወጋውን የድንገተኛ መርፌ ጭናቸው ላይ አድርገው ፊት ለፊቷ ይቀመጣሉ።

"ምላስሽን አውጪ። ከንፈርሽንስ አሳከከሽ?"

"አክስቴ፣ ያሳከከኝ ጥያቄሽ ነው!"

በአራተኛው ወር ግን ከንፈሯ እውነትም አበጠ። ሐኪሟ መጠኑን ወደ ኋላ መለሰችው። እህቴ ለሦስት ቀን እህል አልቀመሱም፤ በአራተኛው ቀን ማለዳ ፓኬቱን ይዘው መስኮቱ ጋ ቆመው አገኘኋቸው።

ዓመት ሊሞላ ሲል፣ ልጄ በሐኪሟ ፊት አንድ ሙሉ ፍሬ አኘከች። አንድ ሰዓት አለፈ፤ ሁለት። ምንም የለም።

"በየቀኑ መውሰዷን አታቋርጡ፤ መርፌውም አይለያችሁ። ከእንግዲህ ግን ከጓደኞቿ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ትብላ" አለች ሐኪሟ።

ከደስታዬ ብድግ አልሁ። ክብርት ከወንበራቸው አልተነሡም፤ ልጅቷ ትከሻቸው ላይ አንቀላፍታለች።

"እትዬ፣ ሂዱ ተብለናል እኮ።"

"ዝም በል። አራት ዓመት እንቅልፍ የለኝም፤ እዚሁ ውዝፉን ትንሽ ልተኛው" ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ሁለቱም አንኮራፉ። እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ፣ እሳቸውን እህት አድርጎ የሰጠኝን አምላክ በልቤ እያመሰገንሁ፣ በመተላለፊያው ኮቴ የሚያሰማውን ሁሉ "ቀስ በል!" እያልሁ እጠብቃቸው ጀመር።