ጋሽ ቢተው ያላነበቧቸው መጨረሻዎች

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፤ መልሱን ለእኔ ሳይሆን ለራሳችሁ ስጡት። ሰው ተሰብስቦ ስለ አንድ መጽሐፍ ሲያወራ፣ እናንተም ራሳችሁን እየነቀነቃችሁ «እሱማ ድንቅ ነው» ስትሉ፣ መጽሐፉን እውነት አንብባችሁት ነው? እኔ የአማርኛ አስተማሪ ነኝ፤ ራስ በመነቅነቅ የሚስተካከለኝ የለም። ያላነበቡትን አነበብኩ ማለት ከውሸቶች ሁሉ የዋሁ ይመስለኛል። ትንሽ አክብሮትም አለበት፤ የማናከብረውን ነገር አላነበብነውም ለማለት አናፍርማ።

ይህን ያነሳሁት በጋሽ ቢተው ምክንያት ነው። ጋሽ ቢተው ከጎጃም በአስተማሪነት ተመድበው፣ እንደ ብዙዎቻችን «ለጊዜው ነው» ብለው መጥተው፣ እዚሁ አሶሳ አርጅተው ያረፉ ደራሲ ናቸው። ልብ ወለዳቸውን ያላነበበ የአሶሳ ሰው አታገኙም፤ ቢያንስ አላነበብኩም የሚል አታገኙም። በንባብ ጉዳይ ቀልድ አያውቁም ነበር። መጽሐፍ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው አራት ነጥብ በተራ ይነበባል፤ ገጽ መዝለል ነውር ነው፤ መጨረሻውን ቀድሞ ማየትማ ሳይጠሩት የሰው ጓዳ መግባት ነው። ተማሪዎቻቸው ነበርንና ስብከቱን በቃላችን እናውቀዋለን። የፍቅር ልብ ወለድ ይዞ የተገኘ ደግሞ አበቃለት።

ካረፉ በኋላ በስማቸው የንባብ ቤት ሊከፈት ሆነና ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴ ባለበት ሁሉ እንደሚሆነው ሥራው ዝም ባለው ሰው ላይ ወደቀ። ዝም ያልኩት እኔ ነበርኩ። ሆሞሻ ላይ ሐጂ ኢድሪስ የሚባሉ ነጋዴ የጋሽ ቢተው የልብ ወዳጅ ናቸው፣ ደብዳቤዎቻቸውም እሳቸው ዘንድ አሉ፣ ሄደህ አምጣና በመስታወት ውስጥ እናስቀምጣቸው፣ ትውልዱ እንዴት እንደሚነበብ ይማርባቸው ተባልኩ።

ሐጂ ኢድሪስን ሱቃቸው በር ላይ አገኘኋቸው። ማን ነህ፣ ምን ፈልገህ ነው ሳይሉ በጣሳ ውሃ ሰጡኝ። ጠጥቼ ስጨርስ ነው አፋቸውን የከፈቱት። «ዝናቡ እዛም ጥሏል?»

ፈገግ አልኩ። ጋሽ ቢተውን ያነበበ ሁሉ ፈገግ ይላል። በታወቀው ልብ ወለዳቸው ሚስቱን ጥሎ ሄዶ ወርቅ ሲያጥብ የኖረው ሰው ዘመን ቆይቶ ይመለስና ደጇ ላይ ይገተራል። እሷ አትሰድበውም፣ አታለቅስም። ውሃ ትሰጠውና «ዝናቡ እዚያም ጥሏል?» ትለዋለች። መጽሐፉ እዚያ ላይ ያልቃል። ስለዚህች ዓረፍተ ነገር እዚህ ከተማ ያልተባለ የለም። ዝናቡ ይቅርታ ነው ያሉ አሉ፤ የለም ቂም ነው ያሉ አሉ፤ እኔ ራሴ ክፍል ውስጥ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ አስተምሬባታለሁ። «ልብ ወለዱን በቃልዎ ያውቁታላ» አልኳቸው።

«የቱን ልብ ወለድ?» አሉ።

የመጣሁበትን ነገርኳቸው። ፊታቸው ጨለመ። «ደብዳቤው አለ፣ ኡስታዝ። ግን አይሰጥም። ያንን ደብዳቤ ሰው ካየ በቢተው ይስቃል። ጥፋቱ ደግሞ የኔ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሽ ቢተው በወጣትነታቸው ሆሞሻ ሲያስተምሩ ቆይተው ወደ ካማሺ ተዛወሩ። የጫናቸው መኪና ቦታ አልነበረውምና አንድ ሳጥን ሙሉ መጽሐፍ ለሐጂ አደራ ሰጥተው ሄዱ። ሐጂም ሳጥኑን ከሱቃቸው ጀርባ፣ መሬት ላይ አስቀመጡት። ለአገሩ እንግዳ ለሆናችሁ ልንገራችሁ፤ በእኛ አካባቢ ወረቀት መሬት ላይ ማስቀመጥ ማለት ለምስጥ ምሳ ማቅረብ ማለት ነው። የመጀመሪያው ደብዳቤ ከካማሺ ሲደርስ ሐጂ ሳጥኑን ከፈቱት። አፈር ነበር የሞላው።

«አማና ነው፣ ኡስታዝ። የሰው አደራ። ምስጥ በላው ብዬ በምን አፌ ልንገረው? እሱ ደግሞ መጽሐፉ እንዴት አለቀ፣ አይተህ ጻፍልኝ ይላል። ወላሂ፣ ከራሴ ጻፍኩለት።»

ይህን ብለው ደብዳቤዎቹን አወጡና «አንብብ፣ ከዛ አንተ ፍረድ» ብለው ሰጡኝ። አነበብኩ። ያ ገጽ መዝለልን ነውር ነው ይሉን የነበሩት ሰው በሳጥኑ ውስጥ ከነበሩት መጻሕፍት አንዱንም ጨርሰው አያውቁም! ሁሉንም ከየመሐሉ ትተዋቸዋል። አንዱ ላይ «ልጅቷ ትሞታለች? የምትሞት ከሆነ አትንገረኝ» ይላሉ። ሌላው ላይ «ቀይ ሽፋን ያላትን የፍቅር መጽሐፍ ለማንም እንዳታሳይብኝ፤ ተጋቡ ወይ?» ይላሉ። ሐጂ ሁሉንም አጋብተዋል። ማንንም አልገደሉም። የጠፋው ከብት ተገኝቷል፣ የተጣላው ታርቋል። ጋሽ ቢተውም በየመልሱ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ዛሬ በሰላም ተኛሁ» ይላሉ። እኔማ ወደድኳቸው። ያኔ በሕይወት ሳሉ እፈራቸው ነበር፤ አሁን ገና ወደድኳቸው።

ሐጂን የሚበላቸው ግን ሌላ ነበር። ጋሽ ቢተው በኋላ አሶሳ ከገቡ ጀምሮ በየኢዱ ይመጡ ነበር። «ይመጣል፣ ይበላል፣ ይጫወታል። አንድ ቀን ሳጥኔስ አላለም። አምኖኝ ነው። እኔ ውሸታም ነኝ፣ እሱ ያምነኛል። አሁን ሞተ። አፉ በለኝ እንኳ አላልኩትም።» ወደቀሩት ደብዳቤዎች ተመለስኩ።

መጨረሻ ላይ አንዱ እንዲህ ይላል፦ «በሳጥኑ ውስጥ ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሐፍ አለ። ወርቅ አጣቢው ሚስቱን ጥሎ ሄዶ ተመልሷል፤ አሁን ደጇ ላይ ቆሟል። እዚያ ላይ ትቼዋለሁ። ከዚያ ምን ትለዋለች? እባክህ አይተህ ጻፍልኝ፤ ይኸው እንቅልፍ አጥቻለሁ።»

ደግሜ አነበብኩት። «ሐጂ፣ ጋሽ ቢተው የጻፉትን ልብ ወለድ አላነበቡትም?»

ወደ ጣሪያው አመለከቱኝ። ከማገሩ ላይ በላስቲክ ላይ ላስቲክ ተጠቅልሎ፣ በሽቦ ተንጠልጥሎ አንድ ነገር አለ። ጋሽ ቢተው በእጃቸው የሰጧቸው መጽሐፍ ነው። ሐጂ በሳጥኑ ከደረሰባቸው በኋላ ይሄኛውንስ ምስጥ አያገኘውም ብለው በዚያው ቀን ሰቀሉት። ምስጥ አላገኘውም። እሳቸውም አላገኙትም።

በርጩማ ላይ ቆሜ አወረድኩት። ላስቲኩን ፈታሁና የመጨረሻውን ገጽ ከፍቼ አነብላቸው ጀመር። ሰውዬው ደጅ ላይ ቆመ። ሴትዮዋ ወጣች። አየችው። ውሃ ሰጠችው።

«ከዛ ሚስቱ ዝናቡ እዛም ጥሏል አለው» አሉ ሐጂ፣ አንገታቸውን ሳያቀኑ። «ሌላ ምን ይላል? ከመንገድ ለመጣ ሰው መጀመሪያ ውሃ ነው፣ ቀጥሎ ዝናብ ነው። ሌላው ነገር ይደርሳል።»

መጽሐፉን አዞርኩና ዓረፍተ ነገሯን አሳየኋቸው። በጣታቸው እየተከተሉ አነበቧት። ከዚያ ሽፋኑን፣ ከዚያ የደራሲውን ስም አዩ። እንዲህ ያለ መጽሐፍ በሳጥኑ ውስጥ እንዳልነበረ፣ ጋሽ ቢተው ያኔ ገና እየጻፉት እንደነበረ፣ መጨረሻው አልመጣላቸው ሲል በዘዴ ከራሳቸው ከሐጂ እንደወሰዱት ቀስ ብዬ አስረዳኋቸው። ሳጥኑንም ያልጠየቁት፣ በየመጽሐፉ ሁሉም ሲጋባና ማንም ሳይሞት ሲቀር አፈር መሆኑን ስላወቁ ነው አልኳቸው።

መጽሐፉን ዘግተው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ክፍል ውስጥ ስለ ይቅርታና ስለ ቂም ያስተማርኩት ሁሉ ትዝ አለኝ።

«ስለዚህ እሱም ዋሸኝ?»

«ዋሽተውዎታል፣ ሐጂ።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ።

ደብዳቤዎቹን ሰጡኝ። በመስታወቱ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ የመስታወቱ ጠረጴዛ እግሮችም ምስጥ እንዳይወጣባቸው የተቃጠለ ዘይት ባለባቸው ጣሳዎች ውስጥ ቆመዋል። ኮሚቴው ደብዳቤዎቹን አስቀድሞ ቢያነባቸው ኖሮ ምን ይል እንደነበር አላውቅም፤ ሁሉም ራሱን እየነቀነቀ «ድንቅ ነው» አለ። መጽሐፉን ግን ያን ቀን ከሐጂ ማግኘት አልቻልኩም። ወደ ማገሩ ሊመልሱት መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው መነጽራቸውን እየጠረጉ ነበር።

«መጨረሻውን አውቀዋለሁ» አሉኝ። «አሁን መጀመሪያውን ልይ።»