ሊቀ ካርዳን አምደሚካኤል እና ሁለት ጣታቸው

በየከተማው አንድ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም፤ እሳቸው ካላዩት በቀር የማንም ሥራ አለቀ አይባልም። ግንበኛው ግንቡን ጨርሶ እጁን ከታጠበ በኋላ ሰዉ «እስቲ ለእሳቸው እናሳያቸው» ይላል። ሐኪም መድኃኒት አዝዞም «እሳቸው ምን ይላሉ?» ይባላል። በእናንተ ከተማ እኚህ ሰው ማን እንደሆኑ አላውቅም። የደብረ ማርቆሱ ሰው ግን ከጋራዤ ፊት ለፊት፣ ከአስፋልቱ ማዶ ናቸው፤ እኔም ስድስት ዓመት ሙሉ ስቀናባቸው ኖሬያለሁ። ቅናቴን አልደብቅም። ብደብቀውም ባለቤቴ ታወጣብኛለች።

ክቡርነታቸው ጋሽ አምደሚካኤል ይባላሉ፤ የድሮ መካኒክ ናቸው። እኔ በልቤ የሾምኳቸው ግን «ሊቀ ካርዳን» ብዬ ነው። ካርዳን ማለት ከካምቢዮው ተነስቶ የኋላ ጎማዎችን የሚያዞረው ረጅም ብረት ነው። የፊተኛው ጫፉ እንደ እጅጌ ካምቢዮው ላይ ይገባል፤ መኪናዋ በነጠረች ቁጥር ወደ ውስጥም ወደ ውጭም ይንሸራተታል። በጣም ከገባ የካምቢዮውን ሆድ ይመታል፤ በጣም ከወጣ ይሾልካል። ስለዚህ የሚንቀሳቀስበት ክፍተት ያስፈልገዋል። ይህን እኔ ፍሥሐ ኮሌጅ ገብቼ ሦስት ዓመት ተምሬዋለሁ፤ በዲፕሎማ አረጋግጬ፣ መለኪያ የሚሆነኝን ዲጂታል ካሊፐር ገዝቻለሁ። ጋሽ አምደሚካኤል ሁለት ጣት አላቸው።

ከመኪናዋ ሥር ይገቡና ሁለቱን ጣታቸውን አጣምረው ክፍተቱ ውስጥ ይከታሉ። ከዚያ ከሥር «ትተነፍሳለች!» የሚል ድምፅ ይሰማል። ክፍተቱ በቂ ነው ማለታቸው ነው፤ በቃ፣ ሰዉ እፎይ ይላል። እኔ በሚሊ ሜትር ጽፌ የሰጠሁት ደንበኛ ወረቀቴን አጣጥፎ ኪሱ ከትቶ፣ አስፋልቱን ተሻግሮ፣ «ትተነፍሳለች» እስኪባልለት ቆሞ ይጠብቃል።

ካርዳን ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ባለፈው ዓመት አንድ የደምበጫ ሰው አዲስ ያሠራውን የፈረስ ጋሪ ሊያሳያቸው መጣ። ጋሪ ካምቢዮ የለውም፤ ይህን ለማወቅ ኮሌጅ መግባት አያስፈልግም። እሳቸው ግን ጎማውን ገፋ ሳብ አድርገው፣ ጣታቸውን አስገብተው «ትተነፍሳለች» አሉት። ፈረሱ ሳይቀር ደስ ያለው መሰለኝ። የቤቴን በር የሠራው አናጢም ስንት ክፍተት ልተው ብሎ የጠየቀው እሳቸውን ነው። በሩ ክረምት ከበጋ አንድ ቀን ተጣብቆ አያውቅም፤ በከፈትኩት ቁጥር እናደዳለሁ።

ከሁሉም የሚያበግነኝ ግን ሰው መጫናቸው ነው። ጋሽ አምደሚካኤል ባዶ መኪና አይለኩም። አስፋልቱ ዳር ይቆሙና «ክብደት!» ብለው ይጣራሉ። ከቅዳሴ የሚመለሱ ቀሳውስትና ዲያቆናት፣ ከገበያ የሚመጡ ሴቶች ከነእህላቸው፣ የትም የማትሄድ መኪና ላይ ተራ ጠብቀው ይወጣሉ። መሪጌታ ወልደ ገብርኤል እንኳ መቋሚያቸውን ይዘው ጋቢና ይቀመጣሉ። እኔም አንድ ቀን ሞከርኩት። «እስቲ እዚች ላይ ውጡልኝ» ብል፣ የመጀመሪያዋ ሴት «ወዴት ነው?» አለችኝ። ሁለተኛዋ «ታሪፉ ስንት ነው?» አለች። ሦስተኛው ሰውዬ ደግሞ «ለመሆኑ ጋሽ አምዴ አይተዋታል?» አለ። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

እንግዲህ ወደ ደመላሽ ፒካፕ ልምጣ። ደመላሽ የሉማሜ ሰው ነው። የፒካፑ ኦቶማቲክ ካምቢዮ ተበላሽቶበት፣ ሌላ ያገለገለ ካምቢዮ ከነካርዳኑ አምጥቶ እኔ ገጠምኩለት። ጥር ላይ ነው፤ የባለቤቴ የእህቷ ልጅ መቅደላዊት ቁይ ላይ ስትዳር፣ ሰርገኛውን የምትወስደው ያቺው ፒካፕ ናት። ባለቤቴ የብርጓልም ከተሳፋሪዎቹ አንዷ ነበረች። ስለዚህ እንደ ዓይኔ ብሌን ተጠንቅቄ ሠራኋት። የእጅጌውን ጥርሶች ቆጠርኩ፤ ከካምቢዮው ጋር ልክ ናቸው። ወዘወዝኩት፤ አይላወስም። ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘው ጎማ የሚያርፍበት ቦታ ጭረት የለውም። ምን ያህል ወደ ውስጥ መግቢያ እንደተረፈው በካሊፐሬ ለካሁ፤ ሦስት ሴንቲ ሜትር። ደመላሽን «በል ቀጥ ብለህ ሰርገኛውን ጫን። ማዶ እንዳትቆም» አልኩት።

«እሺ» አለ። ይሄኔ ባለቤቴ ደረሰች።

«ጋሽ አምዴ አይተዋታል?»

«የብርጓል! ባልሽ እኮ ነኝ!»

«ባሌማ ነህ። እኔ የጠየቅኩህ ስለ መኪናዋ ነው።»

ደመላሽ ፒካፑን ይዞ ተሻገረ። እኔም በንዴት ተከተልኩት። በልቤ የተመኘሁት አንድ ነገር ነው፤ ለመሳፈር የተሰበሰበው ሰርገኛ ሁሉ ቆሞ እያየ፣ እሳቸው ስሕተት ፈልገው ሲያጡ ማየት።

ጋሽ አምደሚካኤል ሥር ገብተው ትንሽ ቆዩ። «ፍሥሐ፣ ስትለካት ጎማዋ መሬት ረግጦ ነበር?»

«ክሪክ ላይ ነበረች። ጎማዋ ተንጠልጥሎ» አልኩ።

«እህ። እስቲ ና ግባ።»

የሰርግ ልብሴን እንደለበስኩ ገባሁ። «ጣትህን ክተት» አሉኝ። ሁለት ጣቴ ገባ፤ በኩራት አየኋቸው። እሳቸው ግን «ክብደት!» ብለው ጮኹ። ሰርገኛው እልል እያለ መውጣት ጀመረ። አንድ ሰው ሲወጣ ብረቱ ወደ ጣቴ ተጠጋ። ሦስት ሲሆኑ ነካኝ። ቄስ ገዳሙ ሲወጡ ያዘኝ፤ ገና ሰባት ሰው ቀርቶ ነበር። ያኔ ገባኝ። መኪናዋ ተንጠልጥላ ሳለች የኋላ እግሯ ወርዶ ካርዳኑን ወደ ውጭ ስቦት ኖሯል። ሰው ሲጫናት እግሯ ወደ ላይ ይመለስና እጅጌውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ያ የተኩራራሁበት ሦስት ሴንቲ ሜትር ሰርገኛው ተሳፍሮ ሳይጨርስ ያልቃል። የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ካምቢዮው ይሰበር ነበር፤ የብርጓልም መኪናዋ ላይ ትሆን ነበር።

«ጣትህን አውጣ» አሉኝ በሹክሹክታ። «ሥራነሽ ልትወጣ ነው።»

ወይዘሮ ሥራነሽ የባለቤቴ አክስት ናቸው፤ ቶሎ አወጣሁ። ቀጥሎ የሚመጣውን አውቄዋለሁ። ጋሽ አምደሚካኤል ወጥተው አንድ ቃል ይናገራሉ፤ እኔም ከነገ ጀምሮ ጋራዤን ዘግቼ ሌላ ሥራ እፈልጋለሁ። ወጡ፣ ልብሳቸውን አራገፉ። ሰዉ ሁሉ አፍ አፋቸውን ያያል።

«ምን ይላሉ፣ ጋሼ?» አለች የብርጓል።

«ካርዳኑ የሌላ መኪና ነው፤ ረዝሞባታል። ማጠር አለበት» አሉ። «ይህን ያገኘው ደግሞ ባልሽ ነው። ለኔማ አልታየኝም ነበር።»

እውነቱን ልናገር፣ የዚያን ቀን የቀናሁትን ያህል ቀንቼ አላውቅም። በጣታቸው፣ በደንበኞቻቸው፣ በጋሪው ፈረስ ሳይቀር ቀንቼ ነበር፤ ይህኛው ግን አንጀቴ ድረስ ገባ። እኔ ብሆን እንደዚያ አልልም ነበር። እኔ እሳቸው ሲያፍሩ ለማየት ሮጬ የመጣሁ ሰው ነኝ።

ካርዳኑን ፈትተን ቶርኖ ቤት ወስደን አሳጠርነው፤ ሰርገኛው ሦስት ሰዓት ዘግይቶ፣ ግን እየዘፈነ ቁይ ገባ። መንገድ ላይ ለየብርጓል እውነቱን ነገርኳት።

«አውቄያለሁ» አለች። «ጣትህ ቀልቶ አላየሁትም?»

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሌላ ኦቶማቲክ ፒካፕ ሠራሁ። ጎማዋን መሬት አስረገጥኳት። ካሊፐሬን መሳቢያ ውስጥ ትቼ አስፋልቱ ዳር ወጣሁና ጉሮሮዬን ጠርጌ «ክብደት!» አልኩ። ማንም ዞር አላለም። አንዲት ሴት ብቻ ቆም ብላ «ታሪፉ ስንት ነው?» አለችኝ። አፍሬ ልመለስ ስል ጋሽ አምደሚካኤል ከማዶ ሥራቸውን አስቀምጠው ተነሡ። አስፋልቱን ተሻገሩ፣ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጡኝ ከኋላ ወጥተው ተቀመጡ። እሳቸውን ያየ መንገደኛ ሁሉ ተከትሎ ወጣ፤ ታሪፍ የጠየቀችኝም ሴት ጭምር።

ሥር ገብቼ ሁለት ጣቴን ከተትኩ። «ትተነፍሳለች!» ብዬ ጮኽኩ።

«ያንተ ጣት ከኔ ይቀጥናል» አሉ ጋሽ አምደሚካኤል ከላይ። «አንድ ጨምርበት።»

ጨመርኩበት። ገባ።