ያስተረጎምኩት ድልድይ

እንግዳን «ተሳስተሃል» ማለት በኛ ዘንድ ከስድብ ብዙም አይርቅም። እንግዳው ቡቃያችን ላይ ቢቆም «እግርዎን እንዳይቆረቁርዎ» ብለን የምናዝነው ለእሱ ነው። እናንተም ያው ናችሁ፤ አትሽሹኝ። ጨው የበዛበት ወጥ ቀርቦላችሁ «እጅሽ ይባረክ» ሳትሉ የወጣችሁ ካላችሁ እስቲ እጃችሁን አውጡ። በወጥ ሲሆን ግድ የለም፣ ውኃ ተጠጥቶ ያልፋል። እኔ ግን በወንዝ ላይ አደረግሁት።

ወሎ፣ መርሳ ከተማ ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። በዚሁ ሰበብ ነው ሦስት በጎ ፈቃደኛ መሐንዲሶች ለአንድ የሐብሩ ወረዳ መንደር ድልድይ ሊሠሩ ከባሕር ማዶ ሲመጡ አስተርጓሚ የሆንኩት። የዓመት እረፍታቸውን ትተው በገዛ ኪሳቸው የመጡ ሰዎች ናቸው። አለቃቸው ቶማስ ይባላል፤ ፀሐይ አፍንጫውን ልጣ እንኳ ከልጅ እስከ ሽማግሌ እየዞረ የሚጨብጥ ትሑት ሰው። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ይህን ማውራት በቀለለኝ ነበር።

ወንዙ ክረምት ሲገባ ያንን መንደር ከመርሳ ይቆርጠዋል፤ ጤና ጣቢያው ያለው ደግሞ መርሳ ነው። መንደሩ እስከዚያ ድረስ ወደ ላይ ወጣ ብሎ፣ ወንዙ በሁለት ቋጥኝ መሃል በሚጠብበት ቦታ፣ በተጋደሙ ግንዶች ላይ ይሻገር ነበር። መሐንዲሶቹ ግን ከታች፣ መንገዱ ቀና የሚልበትን መርጠው ሁለት ቀን ሙሉ ለክተው ችካል ተከሉ። መንደሩም ደስ ብሎት ፍየል አረደ፤ እዚያው ችካሉ አጠገብ ጫት ቀርቦ ዱዓ ተደረገ። ወሎ ውስጥ ዱዓ የተደረገበትን፣ ፍየልም የተበላበትን ነገር «ይቅር» የሚል ሰው ፈልጋችሁ አታገኙም።

አንድ ሰው ተገኙ። ዱዓውን የመሩት ሽማግሌ፣ ሸህ ሙሄ፣ እጅጌዬን ሳብ አደረጉና፦ «እንደው ንገረው ልጄ። ይህ ወንዝ እዚህ ጋ አይታመንም፤ ሲሞላ ዳሩን ንዶ መንገዱን ይለውጣል። ልጅ ሆኜ ሲለውጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ከላይ ቋጥኙ ጋ ቢሆን ይሻላል በለው። ታዲያ እንዳይከፋው አድርገህ» አሉኝ።

እንዳይከፋው አደረግኋ። «ሸሁ ቦታውን ወደውታል፤ ወንዙ አንዳንዴ ይሞላል፣ ከላይም ጥሩ ቦታ አለ ይላሉ» አልኩት። ቶማስ ፈገግ ብሎ «መሙላቱን በሒሳባችን አስገብተነዋል» አለ። ለሸሁ «አስበንበታል ይላል» አልኳቸው። «ካሰቡበትማ ደግ» አሉ። የሚናደውን ዳርና የሚለወጠውን መንገድ ጉሮሮዬ ውስጥ አስቀርቼ የቀረውን ፍየል በላሁበት።

ድልድዩ በግንቦት አለቀ። እውነት እንነጋገር ከተባለ ያምራል። የድሮዎቹ ግንዶች ለሠራተኛ መወጣጫ እየተባሉ ተቆራርጠው አለቁ፤ ከእንግዲህ ማን ይፈልጋቸዋል ተብሎ።

ነሐሴ ላይ አንድ ጠዋት የሸህ ሙሄ ልጅ ዘሀራ ምጥ ጠናባት። በቃሬዛ ተሸክመዋት ወንዙ ጋ ሲደርሱ ድልድዩ አንድ ድንጋይ ሳይነቀልበት ቆሟል። ወንዙ ግን የመርሳ በኩሉን ዳር ንዶ በጎኑ ዞሮ አልፏል፤ ድልድዩ ውኃው መሃል ላይ ያልቃል። ወደ ላይ ወደ ቋጥኙ ሮጡ፤ ግንድ የለም። ውኃው እስኪጎድል እዚያው ዳር ላይ ጠበቁ። ከሰዓት በኋላ ጎደለ። ዘሀራ ግን ከነልጇ አልደረሰችበትም። እኔ ወሬው ደርሶኝ ከመርሳ በኩል ቆሜ ነበር፤ ፊቷን ነጠላ ሲያለብሱት አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም ብላችሁ እዋሻለሁ። እተኛለሁ፤ የማፍረውም በዚሁ ነው።

በጥቅምት ቶማስ ብቻውን ተመልሶ መጣ። በሸህ ሙሄ ደጅ ተቀምጦ አለቀሰ። «ወንዙ መንገዱን እንደሚለውጥ የሚያውቅ አልነበረም? ምነው አንድ ሰው እንኳ ቢነግረን?» እያለ ዓይን ዓይኔን ያያል።

ሸሁ «ምን አለ?» አሉኝ።

«በጣም አዝኛለሁ ይላል» አልኳቸው። ይህስ ውሸት አይደለም።

ሸህ ሙሄ እጃቸውን የቶማስ ትከሻ ላይ አሳረፉ። «ያኔ ነግረነው ነበር፤ አስበንበታል ብሎ አልሰማንም። ይሁን፣ የአላህ ውሳኔ ነው። እንግዳ ነው፤ ያንን አታንሳበት። ይቅር ብየዋለሁ፣ ይህን ብቻ በለው።»

እንግዲህ ልብ በሉልኝ። ሸሁ የሚያውቁት ቶማስ እንዳልሰማቸው ነው። ቶማስ የሚያውቀው ማንም እንዳልነገረው ነው። ሁለቱንም የማውቀው እኔ ነኝ፤ ይቅርታው የሚያስፈልገውም ለእኔ ነበር።

«ይቅር ብለውሃል» አልኩት።

ቶማስ ዕንባውን ጠርጎ ቀና አለ። «ለምኑ?» አለኝ።

ሸህ ሙሄ ወደ እኔ ዞሩ። «ምን አለ?»

«አሚን ይላል» አልኳቸው።